ከዋሽንግተን የወጣ ቃል በጅማ ገበያ

ጥር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1949) በእኛ ዘንድ የቃና ዘገሊላ በዓል በሚከበርበት ዕለት፥ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በዋሽንግተን ከተማ የሹመታቸውን ንግግር አሰሙ። በንግግራቸውም ውስጥ የውጭ ጉዳይ ሐሳባቸውን በአራት ነጥብ ከፍለው ሲዘረዝሩ፥ በአራተኛው ላይ አገራቸው ያላትን የሳይንስና የሥራ ዕውቀት ኑሯቸው ዝቅ ላለ ሕዝቦች እንድታካፍል መታሰቡን አስታወቁ። ይህም ሐሳብ «ፖይንት ፎር» ማለት «አራተኛው ነጥብ» ተብሎ ተጠራ። አራት ዓመት ሳይሞላው ይኸው ቃል በጅማ ከተማ የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ቆመ።

ልክ በሰባ ስድስተኛው ዓመት፥ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. (2025) ደግሞ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በሹመታቸው ዕለት ባወጡት ትእዛዝ የአሜሪካ የውጭ ልማት ርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አደረጉ። ቀጥሎም ሰኔ 24 ቀን በዚያው ዓመት ዩኤስኤይድ የተባለው የርዳታ መሥሪያ ቤት ሥራውን አቆመ። በእነዚህ ወራት መካከል ደግሞ ለረጅም ዘመን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ በነበረው ቡናችን ላይ ቀረጥ ተጣለ።

ክቡራን አንባቢዎች፤ «ዋሽንግተን የሚነገረው ነገር በሂርማታ ገበያ ለተቀመጠ ነጋዴ ምኑ ነው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ነውና በዚህ ጽሑፍ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተከተሉት የውጭ መምሪያ ወደ ጅማና በዙሪያዋ ወዳሉት የቡና ከተሞች የገባው በሦስት በር፥ በርዳታ፥ በንግድና በጤና በኩል ነው። እያንዳንዱን በተራ ስንመረምር፥ የትኛው ጸንቶ እንደ ቀረና የትኛው በአንድ ፊርማ እንደ ሄደ መለየት ይቻላል፤ ለነጋዴም የሚጠቅመው ይህን መለየት ነው። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፥ የውጭ ሰነድ መመልከት ለሚፈልግ የአውሮፓውያኑን በቅንፍ ጨምረናል።

ሀ. ስለ ርዳታ

በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የፖይንት ፎር ስምምነት የተፈረመው በሰኔ ወር 1943 ዓ.ም. (1951) ነው። ለእርሻ ትምህርት የተመረጠው የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ነበር። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋግረዋል። ጥቂት ቆይተውም ፕሬዚዳንት ትሩማን የፖይንት ፎር መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው። ነገር ግን ዶክተር ቤኔት ሥራው ሲፈጸም ሳያዩ በታኅሣሥ ወር 1944 ዓ.ም. (1951) በኢራን አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በኦክላሆማ መምህራን ተከፍቶ ሥራ የጀመረው እርሳቸው ባለፉ በዓመቱ፥ በ1945 ዓ.ም. (1952) ነው። የአለማያ ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም የአለማያው ሕንፃ እስኪዘጋጅ ድረስ ትምህርታቸውን የጀመሩት እዚሁ ጅማ ላይ ነበር።

የኦክላሆማ ውል እ.ኤ.አ. በ1968 አበቃ፤ መምህራኑም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም። ኢትዮጵያውያን መምህራን ተተክተውበት ቆይቶ የእርሻ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1992 ዓ.ም. (1999) ደግሞ ከጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። እንግዲህ በአንድ ንግግር የተጀመረው ነገር፥ ተናጋሪው ከሥልጣን ከወረዱ፥ ውሉ ካለቀ፥ በአገራችንም መንግሥት በመንግሥት ከተለወጠ በኋላ እስከ ዛሬ አለ ማለት ነው።

የሠለጠነ ሰው ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ ቡና ነጋዴ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1963 ዓ.ም. (1971) የቡና ፍሬን የሚያደርቀው በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፥ ከጌራ፥ ከመቱና ከሌሎችም ደኖች ዘር ተሰብስቦ በመልኮ የምርምር ጣቢያ እየተፈተነ፥ ዛሬ ገበሬው ሁሉ በቁጥራቸው የሚጠራቸው 741፥ 74110 እና 74112 የተባሉት በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተመርጠው ወጡ። ይህ የአሜሪካ ርዳታ ሥራ አልነበረም። ነገር ግን የእርሻን ትምህርት የተማረ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ ባይዘጋጅ ኖሮ፥ መድኃኒቱ ከደጃችን ካለው ጫካ እንደሚገኝ ማን መርምሮ ያውቅ ነበር?

ከትምህርት ቤቱ ቀጥሎ የሚጠቀሰው መንገዱ ነው። በዚያ ዘመን ክረምት በገባ ቁጥር የአዲስ አበባ መንገድ እየተበላሸ፥ የጅማ ቡና በአውሮፕላን እስከ መጫን ተደርሶ ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1951 ሲቋቋም ሥራውን የመሩት ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች መሥሪያ ቤት የመጡ መሐንዲሶች ነበሩ፤ ገንዘቡ ግን ከዓለም ባንክ የተገኘ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ባለሙያው ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን፥ ገንዘቡ ኢትዮጵያ ተበድራ የከፈለችው ነው። የጭነት መኪና ጊቤን ተሻግሮ በወልቂጤና በወሊሶ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባበት መንገድ የተቃናው በሁለቱ ተባባሪነት ነው።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተበታትነው የነበሩትን የርዳታ ሥራዎች ሰብስበው ዩኤስኤይድን ያቋቋሙት ጥቅምት 24 ቀን 1954 ዓ.ም. (1961) ነው። በተከታዩ ዓመት መባቻ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ተመደቡ። ከዚያ በኋላ ግን ርዳታው የፖለቲካውን ነፋስ እየተከተለ ከፍና ዝቅ አለ። ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1977 በሰብዓዊ መብት ምክንያት የጦር ርዳታውን ቀነሱ። ደርግም በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. (1977) በአገሩ ውስጥ ከነበሩት የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹን ዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ለተወረሰ የአሜሪካውያን ንብረት ካሣ አልተከፈለም ተብሎ የልማት ርዳታው በሕግ ተቋረጠ። ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ዘመን ቡናችን ወደ አሜሪካ መሄዱን አላቋረጠም። መንግሥታቱ ተኳርፈው ሳለ ነጋዴዎቹ ይገበያዩ ነበር። ይህም ወደ ሁለተኛው በር ይወስደናል።

ለ. ስለ ንግድ

አሜሪካ በቡና ላይ የነበረውን ቀረጥ ያነሣችው ገና በ1864 ዓ.ም. (1872) ነው። በአገሯ ብዙ ቡና ስለማይበቅል የምትከላከልለት ገበሬ የላትም፤ ቀረጥ ብትጥል ወጪው የሚደርሰው በራሷ ጠጪዎች ላይ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 1943 ዓ.ም. (1951) በአዲስ አበባ የተፈረመው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውልም በመስከረም ወር 1946 ዓ.ም. (1953) የጸና ሲሆን፥ የሁለቱን አገሮች ንግድ በሕግ መሠረት ላይ አቆመው። ስለዚህ ለአያቶቻችንና ለአባቶቻችን የነበረው ጭንቀት ቀረጥ ሳይሆን ዋጋ ነበር።

ዋጋ ደግሞ በውርጭ ይነሣል፥ በትርፍ ምርት ይወድቃል። በ1945 ዓ.ም. (1953) በብራዚል አገር ውርጭ ቡናውን መታው። በማግሥቱ ዓመት በኒውዮርክ የሳንቶስ ቡና ዋጋ በአማካይ በፓውንድ 78 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ደረሰ። የአሜሪካ የቤት እመቤቶች አጉረመረሙ፤ በፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ዘመነ መንግሥት የዋጋው ምክንያት በይፋ ተመረመረ። ነገር ግን በዋጋው መወደድ ተደስቶ ቡና ያልተከለ አገር አልነበረምና፥ ተክሉ ሲያፈራ ገበያው ሞላ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ይኸው ቡና ወደ 34 ሳንቲም ወረደ።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዚህ ጊዜ ከአሜሪካ የቀድሞ ልማድ የተለየ እርምጃ ወሰዱ። የኩባን ነገር ያዩ ስለ ነበር፥ በቡና የሚኖሩት የላቲን አሜሪካ አገሮች በድህነት ምክንያት ፊታቸውን ወደ ሌላ ወገን እንዳያዞሩ ሰጉ። በዚህም ምክንያት ትልቋ ገዢ አሜሪካ ከሻጮቹ ጋር ተስማምታ፥ በመስከረም ወር 1955 ዓ.ም. (1962) የዓለም የቡና ስምምነት በኒውዮርክ ለፊርማ ቀረበ። ስምምነቱ ለእያንዳንዱ አገር የሚልከውን መጠን የሚወስን ነበር። ለብራዚል 18 ሚሊዮን፥ ለኢትዮጵያ 850,000 ኬሻ መነሻ ኮታ ተመደበ። ኬሻው 60 ኪሎ ሲሆን ይህ 51,000 ቶን፥ በእኛ ሚዛን 3 ሚሊዮን ፈረሱላ ማለት ነው። ከገዢዎቹ 1,000 ድምፅ ውስጥ አሜሪካ ብቻዋን 400 ስለያዘች፥ ያለ እርሷ ፈቃድ ትልቅ ውሳኔ ሊያልፍ አይችልም ነበር።

ኮታ ሁለት ፊት ያለው ነገር ነው። በአንድ ወገን ዋጋው ከመጠን በላይ እንዳይወድቅ ይደግፋል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ምርቱ የበዛለት ላኪ ከተወሰነለት በላይ በኮታው ገበያ ሊሸጥ አይችልም። ኮታው በመካከል ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1980 እንደገና ቢመለስም፥ ሰኔ 27 ቀን 1981 ዓ.ም. (1989) ጨርሶ ተነሣ። የዓለም ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ያን ጊዜ በጎተራው ጀንፈል ያከማቸ የአጋሮና የሊሙ ነጋዴ፥ በማያውቀው ስብሰባ የተነሣ ሀብቱ ሲቀንስ አየ። የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃት እየቀነሰ በሄደ መጠን አሜሪካ ለዚያ ስምምነት የነበራት ፍላጎትም ቀንሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ከዓለም የቡና ድርጅት ወጣች፤ በ2005 ተመለሰች፤ በ2018 እንደገና ወጣች።

ፕሬዚዳንት ክሊንተን በግንቦት ወር 1992 ዓ.ም. (2000) የፈረሙት አጎዋ የተባለው ሕግ ለአፍሪካ ዕቃዎች ከቀረጥ ነጻ በር ሲከፍት፥ ለቡና ግን አዲስ ነገር አልጨመረም፤ ቡና ከዚያ በፊትም ነጻ ነበርና። ስለዚህም ፕሬዚዳንት ባይደን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. (2022) ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ሲያስወጡ፥ የተጎዱት የልብስና የቆዳ ፋብሪካዎች እንጂ ቡና ላኪዎች አልነበሩም። በዚያ ወቅት በከተማችን «አሜሪካ ቡና መግዛት አቆመች» የሚል ወሬ ሰምቶ ጀንፈሉን በርካሽ የሸጠ ሰው ቢኖር፥ ያከሰረው ሕጉ ሳይሆን ሕጉን አለማንበቡ ነው።

የመጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. (2025) ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ባወጡት ትእዛዝ ከኢትዮጵያ በሚገባ ዕቃ ላይ መቶኛው 10 የሆነ ቀረጥ ሲጣል ቡናም አልተለየም። ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ በምሳሌ እንመልከት። አንድ ኮንቴነር 320 ኬሻ፥ ማለት 19,200 ኪሎ ይይዛል። ኪሎው በ4 ዶላር የተሸጠ ቢሆን ዋጋው 76,800 ዶላር ነው፤ ቀረጡም 7,680 ዶላር ይሆናል። በአንድ ኮንቴነር ይህን ያህል የማያተርፍ ላኪ ብዙ ነው።

እኔ ይህን የምጽፍ ሰው የአንድ ቡና ላኪ ጸሐፊ ነኝና፥ በዚያ ሰሞን የደረሰብንን ባጭሩ ልናገር። ሁለት ኮንቴነር ጭነንለት የነበረ አንድ ገዢ የቀረጡ ሒሳብ ከሁለቱም ዋጋ ላይ እንዲቀነስለት ጻፈ። አሠሪዬ ደብዳቤውን ካዳመጡ በኋላ «መልስ ከመጻፍህ በፊት ወረቀቱን አምጣና ቀኑን እይ» አሉኝ። ትእዛዙን ባነበብሁ ጊዜ፥ ከተወሰነው ቀን አስቀድሞ አሜሪካ በሚያደርሰው የመጨረሻ መርከብ ላይ ተጭኖ በጉዞ ላይ የነበረ ዕቃ ከቀረጡ ነጻ መሆኑን አገኘሁ። የመጫኛ ሰነዶቹን ስመለከት አንደኛው ኮንቴነር ከቀኑ በፊት፥ ሁለተኛው ከቀኑ በኋላ የተጫነ ነበር። የፊተኛውን ሰነድ አያይዘን ቅናሹን አልተቀበልንም፤ ገዢውም ተከራክሮ ተወው። በሁለተኛው ላይ ግን ውላችን ዕቃውን ጅቡቲ መርከብ ላይ እንደምናስረክብ ከመናገሩ በቀር፥ አዲስ ቀረጥ ቢመጣ ማን እንደሚሸከመው አንድም ቃል አልነበረውም። ደንበኛችንን ላለማጣት ስንል ግማሹን ቻልን። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (2025) ቡና ከቀረጡ ዝርዝር እንዲወጣ ሲታዘዝ፥ እኛ የቻልነው ገንዘብ ተመልሶ አልመጣም። ቀረጡ ስምንት ወር ሳይሞላው ተነሣ፤ የእኛ ኪሣራ ግን በመዝገባችን ላይ ቀረ።

ሐ. ስለ ጤና

ጤና የንግድ ነገር አይደለም የሚል ሰው የለቀማውን ወራት ያስብ። በጅማ ዙሪያ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ወባም ከክረምቱ ዝናብ በኋላ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ለቀማና ንዳድ በአንድ ወራት ይገናኛሉ። ለቃሚው በቤቱ ሲተኛ እሸቱ በእግሩ ላይ ይደርቃል፥ ይረግፋል፤ መሬት የነካ ቡና ደግሞ በደረጃ ምርመራ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን።

እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ሳይቀር የገባው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ መንግሥትና በዓለም የጤና ድርጅት ድጋፍ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ የዲዲቲ ርጭት ተስፋፋ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1947 ዓ.ም. (1954) በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የአሜሪካ ርዳታ የተባበረበት ሲሆን፥ የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን እያሠለጠነ ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (ልጅየው) እ.ኤ.አ. በ2003 ለኤድስ፥ በ2005 ለወባ ያቋቋሟቸው ሁለት ትልልቅ ዕቅዶች ኢትዮጵያን አካተዋል። የወባው ዕቅድ ሥራውን የጀመረው ጅማ በምትገኝበት በኦሮሚያ ክልል ነበር።

በእነዚህ የጤና ሥራዎች መካከል አንድ ልዩነት አለ። ጎንደር የሠለጠነው ሰው ሙያውን ይዞ ይኖራል፥ ሌላውንም ያስተምራል። ርጭት፥ አጎበርና መድኃኒት ግን በየዓመቱ የሚያልቁ፥ በየዓመቱም መተካት ያለባቸው ናቸው። ወባ ደግሞ አንድ ዓመት ቸል ከተባለ የሚመለስ ጠላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። በየዓመቱ ከውጭ ይሞላ የነበረው ዕቃ ቤት የመቆም ትእዛዝ የደረሰበት ይህ ከሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ስለዚህ የዚያ ትእዛዝ ነገር ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም፤ ለቃሚ የሚፈልግ ሁሉ ጉዳዩ ነው።

መ. ነጋዴው ምን ያድርግ?

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ከዋሽንግተን የመጣው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። በሰው አእምሮና በመሬት ላይ የተተከለው፥ ይኸውም ትምህርት ቤቱ፥ መንገዱና ሙያው፥ ሰጪው ሲሄድም ቀርቷል። በየዓመቱ ከሰጪው እጅ የሚሞላው ግን እጁ ሲታጠፍ ይጎድላል። ዋጋና ቀረጥን በሚመለከትም ማናቸውም ፕሬዚዳንት ለእኛ ብሎ የወሰነው የለም፤ ሁሉም ያሰቡት ለአገራቸው ጠጪ፥ ለአገራቸው ፋብሪካና ለአገራቸው ደኅንነት ነው። ይህንንም ስንል ለመውቀስ አይደለም፤ ማንም መንግሥት ሊያስብ የሚገባው እንዲሁ ነው። እኛም ለራሳችን ማሰብ ይገባናል። ስለዚህ የሚከተለውን ለአንባቢዎቻችን እናሳስባለን።

1ኛ፤ በሽያጭ ውል ውስጥ «ውሉ ከተፈረመ በኋላ በገዢው አገር አዲስ ቀረጥ ቢጣል የሚከፍለው ገዢው ነው» የሚል፥ ወይም እኩል ለመካፈል የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ። መካፈሉ የተመረጠ እንደ ሆነ፥ ቀረጡ ሲነሣ ወይም ሲመለስ የላኪው ድርሻ እንዲመለስለት አብሮ ይጻፍ።

2ኛ፤ የመጫኛ ሰነድ ሲመጣ መጠኑን ብቻ ሳይሆን ቀኑንና የመርከቡን ስም መርምሮ በሥርዓት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከጅቡቲ የተነሣ ኮንቴነር በመንገድ መርከብ የሚለውጥ ከሆነ የሁለተኛው መርከብ ቀንም ይጠየቅ። ለእኛ አንዱን ኮንቴነር ያዳነልን ይህ ነው።

3ኛ፤ የአዋጅ ወሬ በሰማን ጊዜ ከመሸጥ ወይም ከማከማቸት በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ቡና በዝርዝሩ ውስጥ አለን? ከየትኛው ቀን ይጀምራል? ሕግ ነው ወይስ በሌላ ትእዛዝ ሊሻር የሚችል ትእዛዝ? አጎዋ በተነሣ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ብዙ ሰው ከድንጋጤ ያድን ነበር።

4ኛ፤ ምርቱን ሁሉ ለአንድ አገር ገዢ አለማሰር ጥሩ ነው። ለጀርመን፥ ለሳዑዲ ዓረቢያና ለጃፓን የሚስማማውን ደረጃ አዘጋጅቶ መጠበቅ፥ አንዱ በር ሲጠብ በሌላው ለመውጣት ያስችላል።

5ኛ፤ ለለቃሚዎች ጤና የሚሆን ወጪ እንደ ኬሻና እንደ ማድረቂያ አልጋ ወጪ በዓመቱ ሒሳብ ይያዝ። ለቀማ ከመጀመሩ በፊት በመስከረም ወር ለሠራተኞች ማደሪያ አጎበር መግዛትና ንዳድ የያዘውን ሰው ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ፥ ለአንድ ነጋዴ የሚከብድ ነገር አይደለም። የአንድ ወረዳ ነጋዴዎች ቢተባበሩ ደግሞ ይበልጥ ይቀልላል።

«ያልተገላበጠ ያርራል» ይባላል። ቡና ስንቆላም፥ ጀንፈል ስናደርቅም እውነትነቱን በዓይናችን እናያለን። ከሩቅ የሚመጣ ቃልም እንዲሁ ነው፤ አንብቦ፥ አገላብጦ፥ ቀኑንና ዝርዝሩን መርምሮ የሚይዘው ነጋዴ ይጠቀምበታል፤ በወሬ ብቻ የሚቀበለው ግን ይከስርበታል።